የመግቢያ ፈቃድና የሙያ ፈቃድ፦ ባለሙያ በአዲስ አገር ምን ይጠብቀዋል?

ክቡራንና ክቡራት ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምናገረው ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በሙያቸው ለዓመታት ሠርተው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ አገር ለመኖር ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። ከመካከላችሁ ጉዞውን ገና የምታስቡ አላችሁ፤ ደርሳችሁ የመጀመሪያውን ዓመት የምትገፉም አላችሁ። ለሁለታችሁም የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ወደ አገሩ የሚያስገባችሁ አካልና ሥራ የሚሰጣችሁ አካል የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሰጣችሁን ግምት ሌላው የመቀበል ግዴታ የለበትም። ብዙ ሐዘንና ብዙ የባከነ ዓመት የሚመጣው ይህን ልዩነት ዘግይቶ ከመረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ልግለጽ።

ካናዳ በ1967 ስደተኞችን በነጥብ መምረጥ ጀመረች። አመልካቹ በዕድሜው፣ በትምህርት ደረጃው፣ በቋንቋ ችሎታውና በሥራ ልምዱ እየተመዘነ ነጥቡ ከበቃ ይገባል። አውስትራሊያና ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው መልክ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ ጀርመንም ከጁን 2024 ጀምሮ ለሥራ ፈላጊዎች «የዕድል ካርድ» በነጥብ መስጠት ጀምራለች። እንዲህ ባለው ሚዛን አልፎ ቪዛውን የተቀበለ ሰው «አገሩ ሙያዬን ፈልጎ ጠራኝ» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ነጥቡን የሰጠው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሆስፒታል አያስተዳድርም፣ ግንባታ አያሠራም፣ የማንንም ሒሳብ አያስመረምርም። እርሱ የሚናገረው ይህ ሰው በረጅም ጊዜ ሲታይ ለአገሩ ይጠቅማል የሚለውን ጥቅል ግምት ነው። ቀጣሪው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ «ይህን ሥራ በሚመጣው ሰኞ ብሰጥህ ያለ ብዙ እገዛ ትወጣዋለህ ወይ? እንደምትወጣው በምን አውቃለሁ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ በቪዛው ላይ የተጻፈ መልስ የለም።

ይህ ክፍተት በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። የካናዳ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከኦክቶበር 2000 እስከ ሴፕቴምበር 2001 ወደ አገሩ ከገቡት ስደተኞች መካከል 12,000 ያህሉን አነጋግሮ ነበር። ከገቡ ከስድስት ወር በኋላ ሥራ አግኝተው ከነበሩት ውስጥ ከአሥሩ ስድስቱ የሚሠሩት ከመምጣታቸው በፊት ከነበሩበት የሥራ መስክ ውጭ ነበር። ስለ እንቅፋታቸው ሲጠየቁም የካናዳ የሥራ ልምድ አለመኖርን፣ የውጭ የትምህርት ማስረጃ ተቀባይነት ማጣትንና ቋንቋን ደጋግመው አነሡ። በአሜሪካ ደግሞ ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው የስደት ጉዳይ ጥናት ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ኮሌጅ ከጨረሱ ስደተኞች መካከል ከአራቱ አንዱ፣ ማለትም ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ወይ ሥራ የለውም ወይ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለፈ ዕውቀት በማይጠይቅ ሥራ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ይቀራል የተባለው ገቢ በዓመት 39.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እኔ ይህን ቁጥር በሁለቱም ወገን ማንበብ እወዳለሁ፤ ከአራቱ አንዱ ዕውቀቱ ሳይሠራበት መቅረቱ ከባድ ጉዳት ነው፤ ሦስቱ ግን እንደዚያ አልቀሩም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ይቻላል ወይ?» የሚል ሳይሆን «በስንት ጊዜ፣ በየትኛው መንገድና በምን ያህል ዋጋ?» የሚል መሆን አለበት።

ስለ ጊዜው ተመራማሪዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። ባሪ ቺስዊክ በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ስደተኛው ሲጀምር ዝቅ ባለ ደመወዝ ቢጀምርም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ የአገሬውን ተወላጅ እንደሚደርስበት ጻፉ። ጆርጅ ቦርሃስ በ1985 ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ አነሡ፦ በአንድ ወቅት በተደረገ ቆጠራ ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የመጣውን ሰው ትናንት ከመጣው ጋር ማወዳደር፣ ትናንት የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ አያሳይም፤ ሁለቱ የመጡበት ዘመንና የያዙት ዕውቀት ይለያያልና። ይህ ክርክር ለእኛም ትምህርት አለው። ቀደም ብሎ የሄደ ዘመድ ወይም ጓደኛ «እኔ እንዲህ ሆኜ እዚህ ደረስኩ» ሲል የሚነግረን እውነቱን ነው፤ ነገር ግን እርሱ የገባበት የሥራ ገበያ፣ ያኔ የነበረው ሕግና ያኔ የነበረው የሰው ኃይል እጥረት ዛሬ ላይኖር ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ኢኮኖሚስቷ ሬቸል ፍሪድበርግ በእስራኤል የሚኖሩ ስደተኞችን መረጃ ይዘው በ2000 ያሳተሙትን ግኝት ነው። በውጭ አገር የተገኘ ትምህርትና ልምድ በአዲሱ አገር የሚያስገኘው ደመወዝ እዚያው ከተገኘው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ስደተኛው ከመጣ በኋላ ተጨማሪ ትምህርት ሲወስድ የአዲሱ ትምህርት ጥቅም ብቻውን አልመጣም፤ ቀድሞ የተማረው ትምህርት ዋጋም አብሮ ከፍ አለ። ስለዚህ አንድ ዓመት የሚወስድ የምስክር ወረቀት ወይም የቀድሞውን ሙያ ከአዲሱ አገር መስፈርት ጋር የሚያገናኝ አጭር የድልድይ ሥልጠና «ማስተርስ ይዤ እንደገና ተማሪ ልሁን?» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የተለፋበትን ዕውቀት ቀጣሪው በሚያውቀው ሚዛን ላይ የሚያወጣው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሙያዎቹ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሙያዬ በዚያ አገር በሕግ ፈቃድ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም የሚለው ነው። መልሱ የሕይወትን ዕቅድ ከሥሩ ይለውጣል።

ሕክምና የመጀመሪያውና ከባዱ ምሳሌ ነው። በአሜሪካ የውጭ ምሩቅ ሐኪም በ1956 የተቋቋመው የውጭ ሕክምና ምሩቃን የትምህርት ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኢሲኤፍኤምጂ፣ ማስረጃውን እንዲያረጋግጥለት ያደርጋል፤ የአገሩን የሐኪሞች ፈተና በየደረጃው ያልፋል፤ ከዚያም ስንት ዓመት በሐኪምነት ቢሠራም በአብዛኛው ሬዚደንሲ ወደሚባለው፣ በሆስፒታል በአሠልጣኞች ሥር እየተሠራ ወደሚሰጥ ሥልጠና እንደገና መግባት አለበት። ሬዚደንሲው ደግሞ ለውስጥ ደዌ ወይም ለቤተሰብ ሕክምና ሦስት ዓመት፣ ለቀዶ ሕክምና ከዚያ በላይ ነው። ቦታውን ማግኘትም የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው የውጭ ምሩቃን መካከል በየዓመቱ በሚደረገው ድልድል ቦታ የሚያገኙት በቅርብ ዓመታት ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ናቸው። ከፈተናዎቹ የመጀመሪያው ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ውጤቱ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ተብሎ ብቻ ስለሚገለጽ፣ ቀድሞ በከፍተኛ ነጥብ ራሱን ያሳይ የነበረ የውጭ ምሩቅ አሁን ክብደቱ ወደ ሁለተኛው ፈተና ዞሮበታል። ብዙ የሥልጠና ፕሮግራሞች ከተመረቁ ጥቂት ዓመት ብቻ የሆናቸውን አመልካቾች ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ምን ያህል ጠላት ሊሆን እንደሚችል ታያላችሁ፦ «መጀመሪያ ልደላደል፣ ከዚያ ፈተናውን እወስዳለሁ» ብሎ አራት ዓመት የቆየ ሐኪም ከዕውቀቱ ምንም ሳይጎድል ከምርጫው ሊወጣ ይችላል።

ሕጎች ግን ይለወጣሉ፤ ለውጡንም መከታተል ያስፈልጋል። የቴነሲ ግዛት በውጭ አገር የሠለጠኑና የሠሩ ሐኪሞች የአሜሪካ ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በጊዜያዊ ፈቃድ ሥራ የሚጀምሩበትን ሕግ በ2023 አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕጎችን አውጥተዋል። በእስራኤልም በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች በብዛት ሲገቡ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩት ከፈቃድ ፈተናው ነፃ ሆነው በቁጥጥር ሥር በመሥራት ፈቃድ እንዲያገኙ ተደርጓል፤ ልምዳቸው ያነሰው ግን መፈተን ነበረባቸው። የት አገር፣ የትኛው ግዛት፣ በየትኛው ዓመት የሚሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሚያመጡ፣ የምትሄዱበትን ከተማ ዘመድ ስላለ ብቻ ከመምረጣችሁ በፊት የፈቃድ ሰጪውን አካል ደንብ እንድታነቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ነርሶች በንጽጽር ጥርት ያለ መንገድ አላቸው። በአሜሪካ የውጭ ምሩቋ ነርስ የምትወስደው የፈቃድ ፈተና እዚያው የተማረችው የምትወስደውን ነው፤ ፈተናውንና የቋንቋ መስፈርቱን ካለፈች ሬዚደንሲን የመሰለ ረጅም ሥልጠና አይጠብቃትም። ሕግ ከሁሉም ይልቅ ከአገር ጋር የተቆራኘ ሙያ ነው፤ ጠበቃ በአዲሱ አገር ሕግ እንደገና ሳይማር በሙያው እሠራለሁ ብሎ መነሣት የለበትም።

መሐንዲሶች መካከለኛ ቦታ ላይ ናቸው። በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት ፈራሚ አገሮች አንዳቸው የሌላቸውን ዕውቅና የተሰጠው የምሕንድስና ዲግሪ አቻ አድርገው እንዲቀበሉ ያስችላል፤ ዲግሪያችሁ ከፈራሚ አገር ካልሆነ ግን በየትምህርት ዓይነቱ እየተመረመረ ተጨማሪ ፈተና ሊጠየቅበት ይችላል። ለረጅም ጊዜ እጅግ አስቸጋሪ የነበረው የአገር ውስጥ ልምድ መስፈርት ነው፤ ያለ ፈቃድ ልምድ አይገኝም፣ ያለ ልምድ ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2021 ባወጣችው ሕግ ከጤና ውጭ ባሉ በርካታ ሙያዎች ላይ ፈቃድ ሰጪዎች የካናዳ ልምድን በግዴታ እንዳይጠይቁ ከለከለች፤ የግዛቲቱ መሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ አካልም በ2023 መስፈርቱን አነሣ። ይህ በመሆኑ ከልቤ ተደስቻለሁ። ነገር ግን ሕጉ የሚመለከተው ፈቃድ ሰጪውን ነው፤ ቀጣሪው በቃለ መጠይቅ ላይ «እዚህ አገር የት ሠርተሃል?» ማለቱ አልቀረም። ደግሞም በኢንዱስትሪ ውስጥ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ዲዛይኑን የመፈረም ሥልጣን ባለው መሐንዲስ ሥር ያለ ፈቃድ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ፈቃዱ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጀርመን ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ ለማንኛውም የውጭ ባለሙያ ማስረጃው ከአገሩ ሙያ ጋር እንዲነጻጸርለት የመጠየቅ መብት ሰጥታለች፤ ሰነዱ ተሟልቶ ከቀረበ ውሳኔው በመደበኛነት በሦስት ወር መሰጠት አለበት። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ውሳኔው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ አለመሆኑ ነው። ከፊል አቻነት ከተሰጠ ምን እንደጎደለ በጽሑፍ ይነገራል፤ ባለሙያውም የጎደለውን ብቻ መሙላት ይችላል።

ፈቃድ ወደማይጠይቁት ሙያዎች ስንመጣ፣ ሶፍትዌር፣ ማርኬቲንግ፣ የመረጃ ትንተና፣ አስተዳደርና የመሳሰሉት፣ በሕግ የተዘጋ በር የለም። ይህ ነፃነት የራሱ ችግር አለው፤ ማን እንደከለከላችሁ የሚነግራችሁ ደብዳቤ አይመጣም፤ የሚመጣው ዝምታ ነው። ኢኮኖሚስቱ ፊሊፕ ኦሬዮፑሎስ ቶሮንቶ ውስጥ ወደ 13,000 የሚጠጉ፣ በእውን በሌሉ ሰዎች ስም የተዘጋጁ ሲቪዎችን ለእውነተኛ የሥራ ማስታወቂያዎች ልከው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። ትምህርቱና ልምዱ ሁሉ የካናዳ ሆኖ ስሙ ብቻ እንግሊዝኛ የሆነው ሲቪ፣ የሕንድ፣ የፓኪስታን ወይም የቻይና ስም ከያዘው ከሲሶ በላይ ብልጫ ያለው የቃለ መጠይቅ ጥሪ አገኘ። ልምዱ የውጭ ሲሆን ጥሪው ይበልጥ ቀነሰ። ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ መመረቅም ሆነ የቋንቋ ችሎታን በሲቪው ላይ መጻፍ ልዩነቱን አላጠበበውም።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ከመቶ ማመልከቻ ዘጠናው ያለ መልስ ሲቀር አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሌሊት ተነሥቶ ዲግሪውን ይጠራጠራል፣ በቤተሰቡ ፊት አንገቱን ይደፋል። አድልዎው በሙከራ የተረጋገጠ እንጂ በእናንተ ጉድለት የመጣ አይደለም። ከዚያው ጥናት ሌላም ተግባራዊ ነገር ይገኛል፦ ከውጭው ልምድ ቦታ የካናዳ ልምድ ሲገባ ጥሪው ጨመረ። ስለዚህ በአዲሱ አገር የሚገኘው የመጀመሪያ የሙያ ሥራ፣ ደረጃው ዝቅ ያለና ለጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ከደመወዙ በላይ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር በ1974 ላሳተሙት ጥናት በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ባለሙያዎችን ሲያነጋግሩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራቸውን በሚያውቁት ሰው በኩል እንዳገኙት፣ ያም ሰው በአብዛኛው የልብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ የሚገናኙት መሆኑን ተረዱ። በ2022 ደግሞ በሊንክድኢን ላይ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ ሙከራ ይህንኑ ሐሳብ በአመዛኙ አጸና። የቅርብ ሰው እኛ የምናውቀውን ያውቃል፤ የሩቅ ትውውቅ ግን ያልሰማነውን ይሰማል። የመጤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ማኅበራዊ ኑሮው ሁሉ ከራሱ ወገኖች ጋር ይሆናል። እነርሱ በችግር ጊዜ ደራሽ ናቸው፤ ቤት ያሳያሉ፣ ወረቀት ያስሞላሉ፣ ሲታመም ይጠይቃሉ። የሚያውቁት ሥራ ግን ብዙ ጊዜ እነርሱ የገቡበትን ነው። ከዚህ ክበብ ሳይለዩ፣ የሙያ ማኅበር ስብሰባ ላይ መገኘትን፣ በሙያ ዘርፍ በጎ ፈቃደኛ መሆንን፣ አንድን ባለሙያ ሥራ ሳይለምኑ ስለ ሥራው ብቻ ለሃያ ደቂቃ ማነጋገርን እንደ ሳምንታዊ ግዴታ መያዝ ይገባል።

ለዕለት እንጀራ ስለሚያዘው ሥራ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ማንኛውም ሐቀኛ ሥራ ክብር አለው፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም፣ ወደ ኋላ የቀረ ቤተሰብም እጅ እጅ ያያል። አደጋው ሥራው ዝቅተኛ መሆኑ አይደለም፤ ጊዜና ጉልበት ጨርሶ መውሰዱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ ሁለተኛ ሥራ የደረበ ሰው ሳምንቱ አልቆ ፈተና ማንበቢያ ሰዓት አይኖረውም፤ ገቢው ከፍ ሲል ወጪውም አብሮ ይወጣል፤ መኪናው በዱቤ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ በሙያው በዝቅተኛ ደመወዝ ለመጀመር ቢያስብ ኑሮው አይፈቅድለትም። በሲቪው ላይ ያለው የዓመታት ክፍተትም ቀጣሪውን ያሳስባል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሥራ ሲመረጥ ከሰዓቱ ክፍያ በፊት በሳምንት ለጥናት የሚተርፈው ሰዓት ይታይ። ከተቻለ ደግሞ ወደ ሙያው የተጠጋ ይሁን፤ ሐኪሙ በክሊኒክ ረዳትነት ወይም በሕክምና አስተርጓሚነት፣ ሒሳብ ባለሙያው በደመወዝ ከፋይነት፣ መሐንዲሱ በቴክኒሻንነት ቢጀምር የሙያውን ቃላት፣ የሪፖርቱን አጻጻፍና የሥራ ቦታውን ወግ ከውስጥ ይማራል።

የቋንቋ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በፈተና ነጥብ ነው። የፈተናው ነጥብ ለቪዛው ይበቃል፤ ለስብሰባው ግን አይበቃም። በስልክ የተናደደ ደንበኛን ማረጋጋት፣ ከአለቃ ሐሳብ ጋር በጨዋነት አለመስማማት፣ ጥፋት ሳይሸፍኑ አጭር የኢሜይል ማብራሪያ መጻፍ ሌላ ልምምድ ይጠይቃል። ትሑት ሆኖ ያደገ ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ «ሠራን» እያለ የራሱን ድርሻ ሲደብቅ ቀጣሪው ምንም እንዳልሠራ ሊቆጥረው ይችላል። «እኔ ይህን አቀድኩ፣ ይህን መራሁ፣ ውጤቱ ይህ ሆነ» ማለት ትዕቢት አይደለም፤ ለቀጣሪው የሚፈልገውን ማስረጃ መስጠት ነው።

እንግዲህ ምን ይጠበቅ? በእኔ ግምት ፈቃድ ወደማይጠይቅ ሙያ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት፣ ከነበረበት አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ መጀመርን በዕቅዱ ውስጥ ያስገባ። ፈቃድ የሚጠይቀው ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያስብ፤ ሐኪም ከዚያም በላይ። ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ የአመራር ችሎታው የተገነባው በሚያውቀው ሕግ፣ ቋንቋና የሰው ግንኙነት ላይ ስለነበር ከሙያ ክህሎት ይልቅ ለማሻገር ይከብዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ወደ ጥንተ ሙያው፣ ወደ ሒሳቡ ወይም ወደ ምሕንድስናው፣ ተመልሶ ከዚያ መውጣት የተሻለ ነው።

ከመነሣት በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ብዙ ነው፤ ከሄዱ በኋላ ዋጋው ይጨምራል። አውስትራሊያ ከ1999 ጀምሮ የባለሙያ ስደተኞች ሙያ ከቪዛው አስቀድሞ በየሙያው ገምጋሚ አካል እንዲመዘን ማድረጓ ለአመልካቹ ራሱ ጠቅሟል፤ ሰውየው የት እንደቆመ ቤቱ ሆኖ ያውቃልና። ይህን የማያስገድድ አገር የምትሄዱም ብትሆኑ በራሳችሁ ፈቃድ አድርጉት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ፣ የትምህርቶቹ ዝርዝር ይዘት እንዲታተም፣ የሥራ ምስክር ወረቀቱም «በታማኝነት አገልግሏል» ከሚል ጥቅል ቃል ወጥቶ ኃላፊነቱን፣ የሥራውን መጠንና ዓመቱን እንዲዘረዝር በአካል ተገኝቶ ማስጨረስና ከሌላ ክፍለ ዓለም በስልክ መለመን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በአገራችሁ ያላችሁ የሙያ ፈቃድም እንዳይቃጠል አሳድሱት፤ ብዙ ፈቃድ ሰጪዎች ፈቃዱ የጸናና ያልታገደ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጠይቃሉ።

በመጨረሻ ሁለቱም ባለሙያ የሆኑ ባልና ሚስት የሚያጋጥማቸውን ላንሣ፤ በግልጽ ሲነገር እምብዛም አልሰማምና። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለፈተና መቀመጥ ስለማይችሉ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያጠናል። ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ሳይወያዩበት ይወሰናል፤ የባል ሙያ ይቀድማል፣ የሚስት «ቆይ ትንሽ» ይባላል፤ ልጅ ይወለዳል፣ ትንሹ ጊዜ ስድስትና ሰባት ዓመት ይሆናል፣ እርሷም በመሸጋገሪያነት በያዘችው ሥራ ላይ ትቀራለች። ማን ይቅደም የሚለው በልማድ ሳይሆን በስሌት ይወሰን፦ የማን ፈቃድ ባጭር ጊዜ ይገኛል፣ የማን ማስረጃ ቶሎ ያረጃል፣ የማን ገቢ ሌላውን ያስተምራል ተብሎ። ነርሷ በአንድ ዓመት ፈቃድ ማግኘት የምትችል ከሆነና ሐኪሙ አምስት ዓመት የሚጠብቀው ከሆነ እርሷ ትቅደም። የሚጠብቀውም ሰው የሚጀምርበት ወርና ዓመት ከአሁኑ በጽሑፍ ይያዝ፤ እስከዚያም ድረስ የቋንቋ ትምህርቱና የማስረጃ ግምገማው አይቋረጥ፤ ለፈተናው የሚያስፈልገው ገንዘብ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ በየወሩ በስሙ ለብቻው ይቀመጥለት።